ሳጥኑ ሲሞላ የሰረዝኩት ድንበር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ኬክ አስቆረሰኝ፣ ጋቢ አለበሰኝ፣ በመስታወት የታቀፈ የምስጋና ወረቀትም ሰጠኝ። ወረቀቱ «የሰርቨር ቦታን በመቆጠብና በማስለቀቅ ላሳዩት የላቀ ትጋት» ይላል። ጋቢውን ለበስኩ፣ ኬኩን በላሁ፣ ወረቀቱን ግን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ደረጃው ላይ ደርሳብኝ «እትዬ ዘነበች፣ ረሱት» አለችኝ። «አልረሳሁትም» አልኳት። ትዕቢት ሳይመስላት አልቀረም። ያ ወረቀት ያመሰገነኝ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቼ ከሁሉ በላይ በማፍርበት ሥራ ነው። ለእሷ ቆሜ ማስረዳት አልቻልኩም ነበር፤ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ የሚከፋውም ይክፋው።

መሥሪያ ቤታችን መሬት እየለካ ካርታ የሚያነሳ ድርጅት ነው። እንጀራ የበላሁበት ቤት ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ሀይሌ ጋርመንት የሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ነበርን፤ ከበታችን የሞባይል ሱቆች፣ ከበራችን ፊት «ሀና፣ ሀና ማርያም» እያሉ የሚጣሩ የታክሲ ረዳቶች። ቤቴ ሀና ማርያም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወደ ቤቴ ሲጠሩኝ ነው የሠራሁት።

የተቀጠርኩት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ነው። አለቃዬ ጋሽ በየነ የሚባሉ ቀጭን፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ፋይል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ከነኩም በኋላ ይታጠባሉ። ለምን ሁለቴ ስላቸው «የበፊቱ ለፋይሉ፣ የኋለኛው ለእኔ» አሉኝ። አንድ ፋይል ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ቀይ ካርቶን ይገባል፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ለምን የሚል ተጽፎበት። እንዲወገድ የተወሰነ ፋይል ካለ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳያነቡ ከእጃቸው አይወጣም። እኛ ወጣቶቹ «ጋሽ በየነ ፍትሐት እያደረሱ ነው» እያልን እንስቅ ነበር። ይሰሙናል፣ ግን ማንበባቸውን አያቋርጡም።

ከሁሉ የሚገርመኝ መደርደሪያ ሲሞላ የሚያደርጉት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አቧራ የለበሰውን ከታች ጀምሮ ያወርዳል። ጋሽ በየነ ግን ደብተራቸውን ይዘው በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይገባሉ። «ጌታዬ፣ መደርደሪያው ሞልቷል። ከእርስዎ ልጀምር ብዬ ነው» ይላሉ። ወንበር ሲሰጣቸው አይቀመጡም። ሰውዬው እየተበሳጨም ቢሆን የያዘውን እስኪያስረክብ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ሲመለሱ ከበር ተቀብያቸው እንዴት አላፈሩም አልኳቸው። «ዘኒ፣ ቦታ የሚይዘው የትልቅ ሰው ወረቀት ነው» አሉኝ። «የትንሽ ሰው ወረቀት አንዲት ቅጠል ናት። እሷ ከጠፋች ሌላ የለውም።» በጆሮዬ ሰማሁት፤ ልቤ ግን እዚያው መዝገብ ቤት ትቶት ወጣ።

ከዚያ ወረቀት ቀረ ተባለ። ሻይ ይፈላበት የነበረው ክፍል ተቀባና ሰርቨር ገባበት። ሥልጠና ላኩኝ፣ የኢሜይል አስተዳዳሪ ሆንኩ፣ መደቤም ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለ። ጋሽ በየነ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ሰርቨሩን ሊያዩት ገብተው አንገታቸውን አዘንብለው የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጡና «ቀይ ካርቶኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሥራውን ወደድኩት። ጠዋት ነጠላዬን ሳላወርድ በፊት የማየው ዲስኩ ስንት በመቶ እንደሞላ ነው። ቀጥሎ ማን የኢሜይል ሳጥኑ ሊሞላበት እንደተቃረበ፣ የማን ደብዳቤ ሳይደርስ ተንጠልጥሎ እንዳደረ አያለሁ። ሳጥኑ የሞላበት ሰው ቤቱ እያለ በሩ እንደተዘጋ ነው፤ የተላከለት ሁሉ «አልተቀበለም» ተብሎ ለላኪው ይመለሳል፣ እሱ ግን ምንም አያውቅም። ስለዚህ ሳይሞላባቸው በፊት በየጠረጴዛው እየዞርኩ «አሮጌውን ያጥፉ» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። እሺ ማለት በእኛ ቤት አደርጋለሁ ማለት አይደለም፤ ሂጂልኝ ማለት ነው።

ሰርቨሩን የገደለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ማኅተም ነው። ደብዳቤ በኮምፒውተር ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይላካል፤ ያውም በከለር፣ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ካልታየ ማንም አያምነውማ። የደረሰው ኃላፊ መልሶ ያትመዋል፣ አናቱ ላይ በእስክሪብቶ «ይፈጸም» ብሎ ይመራበታል፣ እንደገና ስካን ተደርጎ ይሄዳል። አንዲት ገጽ የሚሠራት ሰው ጋ እስክትደርስ አራት አምስት ጊዜ ፎቶ ተነስታለች። በየእርከኑም ለሁሉም ግልባጭ አለ። የፋይናንሱን ኃላፊ እባክዎ በጥቁርና ነጭ ያድርጉት ብዬ ለመንኩት። «ጥቁር ማኅተም የማን ነው?» አለኝ።

ሁለተኛው እንኳን አደረሳችሁ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቅረ በየበዓሉ ለመላው ሠራተኛ የሚልከው መልእክት ነበረው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንቱ እያልኩት ኖሬአለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ። አቶ ፍቅረ ፎቶ ማንሳት ይወዳል። ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድም እንዲሁ የየራሱ ሥዕል አለው፤ አንዱ አበባ ብቻውን የአንድ ሠራተኛ የወር ደብዳቤ ያህል ይከብዳል። እንኳን አደረሳችሁ ተብሎ ደግሞ ዝም አይባልም። ሁለት መቶ ሰው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ይመልሳል፤ ለእሱ ብቻ ቢመልስ ማን ያይለታል? ለሁሉም ነው የሚመልሰው፣ ከነአበባው። ያ አሮጌ ፕሮግራማችን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሳጥን ለየብቻ ቅጂ ያስቀምጣል። መስከረም አንድ ላይ አገር ሲታደስ የእኔ ሰርቨር ያቃስታል።

የፋሲካ ሰሞን ማክሰኞ ቀን ሰርቨሩ ሞላ። ኢሜይል መግባትም መውጣትም አቆመ። የጨረታ ሰነድ የሚጠብቁ ደንበኞች በስልክ ይጮሁ ጀመር። አዲስ ዲስክ ከጠየቅሁ ወራት አልፈዋል፤ ወረቀቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተመራ ነው። አቶ ፍቅረ ራሱ ወደ ሰርቨሩ ክፍል መጣ። «አሮጌውን አጥፊና ክፈቺው። እስከ ምሳ ሰዓት» ብሎኝ ሄደ።

ሁሉንም በክብደት ቅደም ተከተል ደረደርኩት። ከላይ የመጡት የአቶ ፍቅረ አበባዎችና መልሶቻቸው ነበሩ። እነሱን ብቻ ብሰርዝ ሰርቨሩ ለዓመት ይተነፍስ ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ። የአለቃን መልካም ምኞት እንዴት ተደርጎ ይሰረዛል? ነገ ፈልጎ ቢያጣው፣ «ዘነበች እንኳን አደረሳችሁ ያልኩትን ጣለችው» ቢልስ? ብጠይቀው እሺ ይለኝ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትማ። አለፍኩት። ቀጥሎ ሐምራዊ ማኅተም ያላቸው መጡ። እያንዳንዳቸው የማዕረግ ባለቤት አላቸው፤ እነሱንም አለፍኩ። ከእነሱ በታች የመስክ ለካኞች የጋራ ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ ታደለ የሚባል፣ ወደ ሌላ ድርጅት የሄደ ለካኝ የላካቸው አርባ አንድ መልእክቶች ነበሩ፤ ከባድ ፎቶዎች፣ ሁሉም ርዕስ የሌላቸው። የሚቆጣ አለቃ የላቸውም፣ የሚጠይቅም አልታየኝም። የመጀመሪያውን አልከፈትኩም፣ የመጨረሻውንም አልከፈትኩም። ተጫንኩት።

ሰርቨሩ ተከፈተ። ቢሮው በሙሉ አጨበጨበልኝ። አቶ ፍቅረ «አንበሳ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ይህን አልክድም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው፤ ያውም እኔ የቆጡን እንኳ አላወረድኩም፣ በይሉኝታ እዚያው ትቼው የብብቴን ብቻ ነው የጣልኩት።

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ከከተማው ጫፍ ፉሪ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የሚያርሱ ናቸው፣ አሁን የቀራቸው አንድ ቁራሽ መሬትና ላሞች ነው። መዝገብ ቤት ብለው ሲጠይቁ ወደ እኔ ላኳቸው።

«ያ ታደለ የሚባል ልጅ መሬቴን ሲለካ ጥግ ጥጉ ላይ አቁሞ ፎቶ አንስቶኛል» አሉኝ። «ጎረቤቴም አብሮኝ ቆሟል። አሁን ጎረቤቴ ሸጦ ሄደ። የገዛው ሰውዬ የድንበሩን ዛፍና ድንጋይ በአንድ ቀን በዶዘር ጠረገና ወደ እኔ ገብቶ አጥር ጀመረ። ቅዳሜ ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። ፎቶውን ስጪኝ ልጄ።»

ታደለ ሲሉኝ ነው የገባኝ። ሻይ አስመጣሁላቸውና ትንሽ ይጠብቁኝ አልኩ። እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ። ቅጂ የምናስቀምጥበትን የውጭ ዲስክ አየሁ፤ ቦታ ስለሚያንሰን አዲሱን በአሮጌው ላይ ስንጽፍበት ከርመናል። ታደለ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ላፕቶፑን አስረክቤ አይደል የወጣሁት? ለሌላ ሰው ሰጣችሁት፣ እሱም አጸዳው። እኔ ኢሜይል ላይ አለ ብዬ ነው» አለኝ። ካርታው ራሱ ሥራው ተቋርጦ ስለነበር አልተነሳም። የእኚህ ሰው ድንበር የነበረው እነዚያ መልእክቶች ውስጥ ብቻ ነው።

ተመልሼ ፊታቸው ተቀመጥኩ። «ኦቦ ገመቹ፣ ደርሶን ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«የት ሄደ?»

«የትም። የለም።»

ሻዩን አስቀመጡት። «ወረቀት እንኳ ሲቃጠል አመድ ይተዋል» አሉ። ሲወርዱ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ብል አልፈቀዱልኝም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ፍቅረ አስጠራኝ። የድንበሩን ጉዳይ የያዙት ሽማግሌዎች በደብዳቤ ጠይቀው ኖሯል። «የተጠየቀው መረጃ ለመሥሪያ ቤታችን አልደረሰም ብለሽ ረቂቅ ሥሪ» አለኝ።

«ደርሷል እኮ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። እርስዎም አሁን አወቁ።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ለአንቺው ነው የማስበው። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታዬ አይነቅዝም ይሆናል፣ የሰውየው መሬት ነው የሚሄደው» አልኩት። እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ወጥቼ በራሴ ስም ጻፍኩት፤ መረጃው ደርሶ እንደነበር፣ ሳልከፍተውና ሳላነበው ለቦታ ብዬ እንደሰረዝኩት። ፈረምኩበት። ማኅተም የምትይዘው ጸሐፊ ጋ ስወስደው «እትዬ ዘነበች፣ ያለ እሳቸው ትእዛዝ አልችልም፣ እንጀራዬ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያንን ሐምራዊ ቀለም ዓመታት ሙሉ ስረግመው ኖሬ፣ ያን ዕለት አንዲት ጠብታ ባገኝ እስመው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፉሪ ሄድኩ። ቆርቆሮ ዳስ ሥር ሦስት ሽማግሌዎችና ሦስት ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። ታደለን ለምኜው መጥቶልኛል። ወረቀቴን ሰጠሁ። የገዢው ወኪል ገና ሳያነበው ገለበጠና «ማኅተም የለውም» አለ።

ሰብሳቢው አየው። «እውነቱን ነው። ይህን ልንቀበል አንችልም እህቴ።»

«ወረቀቱን አይቀበሉ። እኔን ይመዝግቡኝ» አልኩ። «ስሜን ከነአያቴ እሰጣለሁ። የሰውየው ማስረጃ በእጄ ነበር፣ በእጄ ጠፋ። ማስረጃ የለውም ተብሎ እንዳይፈረድበት፤ ነበረው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ትልቁ «ጻፍላት» አለ። ተጻፈልኝ። ታደለም ተነስቶ መሰከረ። የላይኛው ጥግ ከመብራት ምሰሶው አጠገብ ስለነበር በደንብ ያስታውሰዋል። የታችኛውን፣ የወንዙን በኩል ሲጠይቁት ግን «ፎቶው ቢኖር አሳያችሁ ነበር። በግምት አልምልም» አለ። ስለዚህ ቤታቸውና የላሞቹ በረት ለኦቦ ገመቹ ጸናላቸው። የወንዙ በኩል ሄደ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየኝ። ሰረዘች አይልም። «ሳይፈቀድላት መሥሪያ ቤቱን ወክላ ተናገረች» ነው የሚለው። ለሰረዝኩት ጭብጨባ፣ ለተናገርኩት ማስጠንቀቂያ። ፈርሜ ተቀበልኩና ደብተር ገዝቼ አቶ ፍቅረ ቢሮ ገባሁ። «ሰርቨሩ ሞልቷል፤ ከእርስዎ ልጀምር ብዬ ነው» አልኩት። ተቀመጪ ቢለኝ አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። አበባዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ፣ ይቺ ትቅር፣ ይቺ ትሂድ እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየን። አጥፍቶ ሲጨርስ ሰርቨሩ ግማሹ ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚል መስመር ደብተሬ ላይ ሳይጻፍ አንዲት መልእክት አልሰረዝኩም። ከሥር አልጀመርኩም። ሁለት አለቃ ተለዋወጠብኝ፤ ሁለቱም ግትር ናት ብለው ጽፈውብኛል፣ ዕድገትም አልፎኛል። አሁን ያሉት ልጆች «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም በኢንተርኔት ክላውድ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አይሞላም» ይሉኛል። ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ አንድ ሰው ቁልፍ ላይ ጣቱን አድርጎ ማንን ልፈር፣ ማንን ልድፈር ብሎ ይመርጣል።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ዳሱ ሥር የተናገርኩት ለሽማግሌዎቹ እንጂ ለባለቤቱ አልነበረም። ስንት ጊዜ ታክሲ ተራ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከሀና ማርያም ተሳፍሬ ፉሪ ወረድኩ።

ኦቦ ገመቹ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ወዲያው አወቁኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ስትሰርዢው ምን ያህል ጊዜ ፈጀብሽ?» አሉኝ።

«አንዴ መጫን ነው። አፍታም አይሞላም።»

«ነይ» አሉና ተነሱ።

ገዢው የጀመረው አጥር አሁን ግንብ ሆኖ አልቋል፣ ቀለም ተቀብቷል። ከላይኛው ጥግ ጀምረን በግንቡ ጥግ ጥግ ወረድን። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ሁለት ጊዜ አረፍን። እየሄዱ በምርኩዛቸው ግንቡን መታ መታ ያደርጋሉ። «ከዚህ ወዲያ ወይራ ነበር። እዚህ ጎረቤቴ ቆሞ ፎቶ የተነሳበት ድንጋይ። በዚህ ላሞቹ ወደ ውሃው ይወርዱ ነበር።» ግንቡ እስኪያልቅ አንዲቷንም አልዘለሉም። ታች ስንደርስ ወንዙ ከግንቡ ወዲያ ይሰማል፣ አይታይም።

«ይህስ ስንት ፈጀ?» አሉኝ።

«ግማሽ ሰዓት ያልፋል።»

«ይቅር ብያለሁ አልልሽም። ላሞቼ ዛሬም በባልዲ ነው የሚጠጡት» አሉ። «ግን መጥተሻል። ከመሥሪያ ቤታችሁ ሌላ ሰው ካለ አምጪልኝ፣ እሱንም አስኬደዋለሁ።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለአቶ ፍቅረ ደወልኩ። ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ተቀምጧል። «ቅዳሜ ጠዋት የሚመች ጫማ አድርገው ይጠብቁኝ። ፉሪ እንሄዳለን» አልኩት። ለምን አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መልሱን ጠበቅሁ።